ባለ አንድ ዓይኑ ፈረሰኛ

ቢቸና ገበያ ዳር፣ የልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ ከሚጀምርበት ጥግ፣ ባንቺዓለም አካለ ወልድ የምትባል ታቤላ ሠሪ ነበረች። በሃምሳዎቹ ዓመታት በከተማው ውስጥ ከሱቅ በር በላይ የተሰቀለ ሥዕል ከነበረ የእሷ እጅ ነው ማለት ይቻላል። ሴት ሆና ቡሩሽ መያዟ መጀመሪያ ሰውን ያስቅ ነበር። እየቆየ ሳቁ ቀረ። ታቤላዋን የሰቀለ ነጋዴ ሱቁን ከገጠር የመጣ ገበሬ ማንንም ሳይጠይቅ ያገኝለት ጀመር።

ሥራዋ ጥሩ የሆነው ግን በአንድ ስሕተት ምክንያት ነው። ገና ስትጀምር የሻው ለሚባል ልብስ ሰፊ መቀስ ሳለችለት። መቀሱን የተዘጋ አድርጋ ነው የሳለችው። የሻው ብዙም ሳይቆይ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳጠለቀ እየተቆጣ መጣ።

«አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ ወይስ ባለ ልኳንዳ?»

«ምን ሆንክ ደግሞ?»

«የገባው ሁሉ ‹ሽንጥ አለህ ወይ› ይለኛል! ዛሬማ አንዱ ሽማግሌ ጨጓራ ሊገዛ መጥቶ አልሄድም ብሎኝ ነው የዋለው!»

ከገበያው ማዶ ሄዳ ብታየው እውነትም የተዘጋው መቀስ ከሩቅ ቢላዋ መስሏል። የመቀሱን አፍ ከፍታ ሳለችው፣ ነገሩም ተስተካከለ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ልማድ አወጣች። ላሜራውን ቀብታ ከጨረሰች በኋላ ደጅ ታቆመውና እስከ ከብት ተራው ድረስ ትሄዳለች። ዞር ብላ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ታየዋለች። ቀጥላም ከአላፊ አግዳሚው አንዱን ትይዛለች።

«ጌታው፣ ያ ማዶ ያለው ምንድን ነው?»

«የቱ? ያ ቢጫው? ብርሌ ነዋ! ጠጅ ቤት ተከፈተ እንዴ?»

እንዲህ ካላት ሥራው አልቋል። «እንጃ» ካላት ተመልሳ ትፍቀዋለች።

«ዓይን ሰነፍ ነው» ትል ነበር። «የሚያውቀውን ካገኘ እዚያው ይቆማል፣ ሁለተኛ አያይም። ስለዚህ የሚስል ሰው አስቀድሞ ማወቅ ያለበት ተመልካቹ ምን ሊያይ ተዘጋጅቶ እንደሚመጣ ነው።»

ይህን ያስተማሯት አባቷ ናቸው። አለቃ አካለ ወልድ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ፣ እሷም ከልጅነቷ ጀምራ ቀለም እየፈጨች አጠገባቸው አድጋለች። በሻማ ብርሃንም ቢሆን ከሩቅ እንዲለይ ሥዕሉ ሁሉ በጥቁር መስመር መከበብ እንዳለበት ያወቀችው ከእሳቸው ነው። የዓይንንም ሥርዓት ከእሳቸው ተማረች። ጻድቅ ከሆነ ፊቱ ሙሉ ይሳላል፣ ሁለት ዓይኑም ይታያል። ይሁዳ፣ ጌታን የገረፉት ወታደሮች፣ የፈርዖን ጭፍራ ግን በጎን ነው የሚሳሉት፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላቸው። ማንም ሰው ተቀምጦ ይህን አይማርም። ሕፃኑ እናቱ ጀርባ ላይ ታዝሎ፣ ረጅሙ ቅዳሴ እስኪያልቅ ግድግዳውን ሲያይ ሲያይ ይገባዋል። ካደገ በኋላ እንዴት እንዳወቀው እንኳ አያውቅም፣ ብቻ አንድ ዓይን ሲያይ ልቡ ይሸሻል።

ባንቺዓለም በልቧ የያዘችው ቂም የጀመረው ከሞጣ ወጣ ብላ ባለች የገጠር ኪዳነ ምሕረት ነው። አለቃ የዚያችን ቤተ ክርስቲያን የመቅደስ ግድግዳ ሥዕል፣ በኋላ ግድግዳው ላይ በሚለጠፍ አቡጀዲ ላይ እየሳሉ ሁለት ክረምት ከረሙባት። ሥራው ባለቀ በዓመቱ ቀኛዝማች ፈረደ የሚባሉ ሰው ምክትል ወረዳ ገዥ ሆነው ወደ አገሩ መጡ። ቀኛዝማች ፈረደ የሞጣ ተወላጅ ይሁኑ እንጂ በሕፃንነታቸው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተልከው እዚያው በፈረንጅ ትምህርት ቤት ተምረው ያደጉ ናቸው። ከአዲስ አበባ የፈረንጅ ማተሚያ ያወጣቸውን የሚያብረቀርቁ የእመቤታችንን ሥዕሎች ይዘው መጡና ለቤተ ክርስቲያኒቱ ሰጡ። አሮጌው አቡጀዲ ይነሣ ተባለ። ካህናቱም ገዥ ያለውን ማን ይመልሳል ብለው አነሡት።

አለቃ ይህን ሰምተው ልጃቸውን አስከትለው ወደ ሞጣ ሄዱ። የሄዱት ሥዕሎቹን ለመለመን ነበር፣ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳቸዋል ብለው። ያገኟቸው ግን በቀኛዝማች አውድማ ላይ ነው። ጤፉ ከአፈር እንዳይደባለቅ አቡጀዲው መሬት ላይ ተነጥፏል፣ በላዩ በሬዎች ይዞሩበታል።

 አለቃ ነጠላቸውን አጣፍተው ጎንበስ አሉ።

«ጌታዬ፣ ይኼ እኮ ሥዕል ነው።»

ቀኛዝማች ፈረደ ሳቁ። «ሥዕል? ይኼ ሥዕል ነው እንዴ? ዓይን ብቻ! የትም ዞር ብል ዓይን ያፈጥብኛል። ደግሞስ ቀለሙ ወደ ታች ነው የተነጠፈው፣ ምን ሆነብዎ?»

የቤተ ክርስቲያኒቱ ገበዝ አባ ገብረ ኪዳን እዚያው ነበሩ። አለቃ ወደ እሳቸው ዞር ብለው አዩዋቸው። አባ ገብረ ኪዳን መሬት መሬት አዩ፣ ቃል አልተነፈሱም።

ባንቺዓለም ያን ጊዜ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ ናት። ከበሬዎቹ እግር ሥር የተገለበጠ የአቡጀዲ ጫፍ አየች፤ የአባቷ እጅ ያወጣው የአንድ መልአክ ፊት ነበር። አለቃ ቢቸና ተመልሰው ቡሩሽ አልያዙም። በመጣው ፍልሰታ አረፉ። ሰዎች ወባ ነው አሉ። እሷ ግን ወባ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር፤ ለማንም ሳትናገር በልቧ ይዛው ኖረች። እጇ እየጎበዘ በሄደ ቁጥር ቂሟም አብሮ ጎበዘ።

በ1961 ዓ.ም. የፓርላማ ምርጫ መጣ። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ ተወዳዳሪውን የሚለየው በምልክት ስለነበር አንዱ በሬ፣ ሌላው ጃንጥላ፣ ሌላው ፋኖስ እያለ ተወዳዳሪው ሁሉ ምልክቱን መረጠ። አንድ ቀን ከባንቺዓለም በር ላይ ላንድሮቨር ቆመ። ከውስጡ ቀኛዝማች ፈረደ ወረዱ፣ ሸምገል ብለዋል፣ ወፍረዋል። ከአዲስ አበባ ያመጡት ፋንታ የሚባል ሾፌራቸው ከኋላ ከኋላ ይከተላል።

«ታቤላ ሠሪዋ አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጌታዬ።»

«የማን ልጅ ነሽ?»

«የአካለ ወልድ።»

«የቱ አካለ ወልድ?» አሉና መልሱን ሳይጠብቁ ወደ ቀለም ቆርቆሮዎቹ ዞሩ። ባንቺዓለም በኋላ ለጎረቤቶቿ ስትናገር፣ ያን ሰዓት ስሙን ቢያስታውሱት ኖሮ ምናልባት እጇ ይፈራ እንደነበር ነው የምትለው። እሳቸው ግን አላስታወሱትም።

«እኔ ለሞጣ ነው የምወዳደረው» አሉ። «ምልክቴ ፈረሰኛ ነው። ነጭ ፈረስ፣ ቀይ ካባ፣ ጦር። ፈረሰኛውም እኔ ነኝ፣ ፊቴን አስመስለሽ ትስይዋለሽ።»

ቅዱስ ጊዮርጊስን እንደሚያስመስላቸው አውቀው ነው የመረጡት። ብልጠቱ ገባት።

«ፊትዎን እንዴት አድርጌ ልሳለው?»

ከኪሳቸው የጃንሆይ መልክ ያለበት ሳንቲም አወጡና በጥፍራቸው መታ መታ አደረጉት። «ልክ እንዲህ። በጎን። የትልቅ ሰው ምስል እንዲህ ነው የሚቀረጸው።»

ባንቺዓለም ሳንቲሙን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አየችው። ሳንቲም ላይ ዓይን ማንም አያይም። ትንሽ ናት፣ ቀለም የላትም፣ እጅ ነው የሚያውቃት። ታቤላ ላይ፣ ነጭ ፈረስ ላይ፣ በቀለም ሲሆን ሌላ ነገር ነው። እውነቱን ለመናገር አንድ ጊዜ ዕድል ሰጠቻቸው።

«ጌታዬ፣ ሁለቱም ዓይንዎ ቢታይ አይሻልም?»

«ኧረ ተይኝ! ዓይን ማጉረጥረጥ የድሮ ሠዓሊዎች ነገር ነው። ዓይን ብቻ!»

ፋንታ አብሮ ሳቀ። ባንቺዓለም ሳንቲሙን መለሰችላቸው።

«እሺ ጌታዬ። እንዳዘዙኝ አደርጋለሁ» አለች።

ሰኔ ከመግባቱ በፊት ታቤላዎቹን ጨረሰች። በዕድሜዋ ሁሉ እንደዚያ ተጠንቅቃ የሠራችው ሥራ የለም። ሰማዩን ቢጫ፣ መሬቱን ቀይ አደረገች፣ አባቷ ያደርጉት እንደነበረው። ጥቁሩን መስመር አባቷ ባስያዟት አያያዝ ሳበችው። ሰው ከሩቅ ነጭ ፈረስና ቀይ ካባ ሲያይ ጊዮርጊስ ነው ብሎ እንደሚቀርብ፣ ሲቀርብም የጊዮርጊስን ሁለት ዓይን እንደሚፈልግ ታውቃለች። ስለዚህ የቀኛዝማችን ፊት ጠቆር አድርጋ፣ የዓይኑን ነጭ ግን ምንም ሳትቀላቅልበት ቀባችው። ከዚያች ዓይን በላይ የነጣ ነገር እንዳይኖር ብላ ፈረሱን እንኳ ትንሽ አመድማ አደረገችው። ልጓሙ፣ የጦሩ አንገት፣ የካባው እጥፋት ሁሉ ወደዚያች አንዲት ዓይን እንዲያመለክት አድርጋ አዘነበለችው። መልኩ ቁርጥ ቀኛዝማች ፈረደ ነበር። ማንም «አበላሸሽብኝ» ሊላት አይችልም።

በገበያ ቀን ታቤላውን መንገድ ዳር አቁማ ከአጥሩ ጀርባ ተቀመጠች። ሁለት ሴቶች ቅቤ ተሸክመው መጡ። ፊት ያለችው ገና ከሩቅ እጇን ወደ ግንባሯ አነሣች፣ ልትሳለም። ደረሰችና እጇ አየር ላይ ቀረ።

«እንዴ! ምነው ቆምሽ?» አለች የኋለኛዋ።

«ዝም በይ እስቲ... ጊዮርጊስ መስሎኝ ልሳለም ነበር እኮ!»

«ታዲያ ጊዮርጊስ አይደለም?»

«ዓይኑን አታይም? አንድ ነው!»

«ውይ! በስመ አብ! ምን ሊያደርጉ ፈረስ ላይ አወጡት ይኼን?»

ሴቶቹ መንገዱን ለቀው በወዲያኛው ዳር አለፉ። ባንቺዓለም ከአጥሩ ጀርባ ሆና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ሳቀች፣ ከዚያም አለቀሰች ይባላል።

ታቤላዎቹን ሊወስድ ፋንታ የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ካህን አብረው ወረዱ። ቀኛዝማች በየደብሩ እየዞሩ ስለ እሳቸው መልካም እንዲናገሩላቸው የያዟቸው ሰው ናቸው። ባንቺዓለም ወዲያው ለየቻቸው፣ አባ ገብረ ኪዳን ነበሩ።

ፋንታ ገመድ ሊያመጣ ሲሄድ አባ ገብረ ኪዳን ታቤላው ፊት ቆሙ። መስቀላቸውን በጣቶቻቸው አሻሹ።

«ይኼን መስመር አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የአለቃ አካለ ወልድ እጅ ነው።»

«የልጃቸው ነው፣ አባ።»

ሽማግሌው ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ፣ ያ ሰው ሥዕል ማንበብ አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ። ሕዝቡም ያውቃል። ይኼ ከተሰቀለ ማንም ካርዱን አይሰጠውም።»

«እሳቸው ናቸው በጎን አድርጊው ያሉኝ። ሳንቲም አሳይተው።»

«ሳያውቅ ነው!»

«ያን ጊዜም ሳያውቁ ነው አውድማው ላይ ያነጠፉት?»

 ፋንታ ገመዱን እየጎተተ ሲመጣ ይሰማል።

«ልነግረው ይገባኛል» አሉ አባ ገብረ ኪዳን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እንጀራውን እየበላሁ...»

ባንቺዓለም ጠጋ አለች። «አባቴ ያን ቀን ወደ እርስዎ ዞረው ነበር፣ አንድ ቃል እንዲሉላቸው። ዝም አሉ። ዛሬም ዝም ይበሉ፣ አባ። ዝም ማለት ይችሉበታል።»

ፋንታ ደረሰና ታቤላውን ያዘ። «እህ! ጋሼን ቁጭ! አይደለም እንዴ አባ? ምን ጎደለው?»

አባ ገብረ ኪዳን መሬት መሬት አዩ። «ምንም አልጎደለው» አሉና ወደ መኪናው ወጡ።

ባንቺዓለም በዓይኗ ሳታይ አላምን አለች። ምርጫው ሲቃረብ እሷም በጭነት መኪና ተሳፍራ ሞጣ ሄደች። ትልቁ ታቤላ ገበያው መሐል ባለ ዋርካ ላይ ተሰቅሏል። ሰው በፋኖሱ ሥር ይቆማል፣ በበሬው ሥር ተቀምጦ ይጫወታል፣ ከፈረሰኛው ሥር ግን ማንም የለም። ዝናብ ድንገት ሲወርድ ገበያተኛው ሁሉ ወደ ዛፍ ሮጠ፤ ወደ ዋርካው የሮጡት ግን ቀና ሲሉ ያዩትና ተመልሰው ዝናቡን ይመርጣሉ። ፋንታ ብቻውን ከሥሩ ቆሞ ግራ ገብቶታል።

«ኑ እንጂ! ዋርካው እኮ ለሁሉም ሰው ነው!» ይላል።

«አንተው ቁምበት ወንድሜ» አለው አንድ ገበሬ እየረጠበ። «እኛ ዝናቡ ይሻለናል።»

«ለምን?»

«እንዲያው ነው።»

ማንም ምክንያቱን አልነገረውም። ለባለሥልጣን ሾፌር እንዲህ ያለ ነገር ማን ይናገራል? በሹክሹክታ ግን አገሩን አዳርሶታል። ሴቶች ልጆቻቸውን በዚያ በኩል አያሳልፉም። አንዱ የፈርዖን ጭፍራ ነው ይላል፣ ሌላው ሰውዬው ራሱ አምኖ ተናዘዘ ይላል።

ቀኛዝማች ፈረደ ተሸነፉ። የተሸነፉትም በጥቂት አይደለም፣ በገዛ አጥቢያቸው እንኳ ፋኖሱ በለጣቸው።

ባንቺዓለም ወሬውን ስትሰማ ደስታው እንዳሰበችው አልጣፈጣትም። ሰውዬው ወድቋል፣ ግን ማን እንደጣለው አያውቅም። አምና በመሬት ልኬታና በግብር የተነሣውን ጠብ ምክንያት አድርጎ ሕዝቡ በዚያ ተቀይሞኝ ነው ይላል አሉ። የአባቷ ስም በመካከሉ የለም። እንግዲህ የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ ፊት ለፊት ቆማ የማን ልጅ እንደሆነች እንደገና መንገርና ዓይኑን ማየት። ቃሉን ታቤላ እየቀባች ደጋግማ ተለማመደችው።

መስከረም ላይ ፋንታ መጣ።

«ጋሼ ይፈልጉሻል። ያ ትልቁ ታቤላ ዝናብ ትንሽ ነክቶታል፣ አድሰሽ እልፍኛቸው ውስጥ እንድትሰቅይላቸው።»

«እልፍኝ ውስጥ?»

«ምን ይደረግ፣ ወደዱት! ‹ምርጫው ቢቀር ሥዕሉ ቀረልኝ› ይላሉ።»

ቡሩሿንና ቀለሟን ይዛ ሄደች። መንገዱን ሙሉ የምትለውን ነገር በልቧ ስትደረድር ነበር። ሲያውቅ ሲቀላ፣ ሚስቱና አሽከሮቹ ፊት አፉ ሲያያዝ ታየዋለች።

እልፍኙ ሰፊ ነበር። ቀኛዝማች መከዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው እሜቴ ፈንታነሽ፣ የገጠር ቄስ ልጅ ናቸው፣ ጥግ ላይ ካለች ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ያባዝታሉ። ፊታቸው የተጎዳ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሴት ናቸው። ቀኛዝማች ሲጠሯቸው «አንቺ» ብቻ ነው የሚሉት።

«የት ቢሰቀል ይሻላል ትያለሽ?» አሉ ቀኛዝማች።

«ከበሩ ፊት ለፊት፣ ጌታዬ። የሚገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ይሆናል።»

«ጎበዝ! አንቺ፣ ሰማሽ? ሥራውን የምታውቅ ሴት ማለት ይቺ ናት!»

እሜቴ ፈንታነሽ ቀና አላሉም።

ባንቺዓለም የተነካውን ቀለም አደሰች፣ ያችን አንዲት ዓይንም እንደገና ነጭ ቀባቻት። ወንበር ላይ ወጥታ ሚስማሩን መታችና ታቤላውን ሰቀለችው። ወርዳ ቡሩሿን ጠረገች። ጊዜው ይኼ ነው። 

«ጌታዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ...»

«ትንሽ ዝቅ አድርጊው» አለ ድምፅ ከጥጉ።

ባንቺዓለም ዞረች። እሜቴ ፈንታነሽ ጥጡን አስቀምጠው ታቤላውን እያዩ ነው።

«እሜቴ?»

«ዝቅ አድርጊው፣ ልጄ። እኔ ከምቀመጥበት ዓይኑ አይታየኝም።»

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። እሜቴ ፈንታነሽ ፈገግ አላሉም፣ ዓይናቸውንም አልነቀሉም። ገና ያን ጊዜ ባንቺዓለም ነገሩ ገባት። ብትነግረው ዛሬውኑ ያወርደዋል፣ ያቃጥለዋል። ካልነገረችው ግን ዕድሜ ልኩን ከሥሩ ይቀመጣል፣ እንግዳ በገባ ቁጥር ራሱን ይሁዳ እያደረገ ያሳያል፣ ይህችም ሴት ከበርጩማዋ ላይ ሆና ታየዋለች።

«ምን ልትነግሪኝ ነበር?» አሉ ቀኛዝማች።

«እርጥብ ጨርቅ እንዳያስነኩት ነው፣ ጌታዬ። ቀለሙ እንዲቆይ።»

«ኧረ ማን ይነካዋል!»

ወንበሩ ላይ ተመልሳ ወጣች። ሚስማሩን ነቅላ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ አድርጋ መታችው። ቀኛዝማች ፈረደ ተነሥተው መጥተው ከሥሩ ካባቸውን አስተካክለው ተቀመጡና አንገታቸውን ሳያዞሩ ጠየቁ።

«ቀጥ ብሏል?»

«ቀጥ ብሏል» አሉ ሁለቱም ሴቶች።